ፎርክሊፍት ለመማር የትኛው መንገድ? በጅማ ላሉ ሠልጣኞችና አሠሪዎች የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው የቡና ወቅት አንድ ወጣት በላስቲክ የተለበጠ ሰርተፍኬት ይዞ እኔ ወደምሠራበት መጋዘን መጣ። ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ ፎቶግራፍ አለው፣ በትልልቅ ፊደል «የፎርክሊፍት ኦፕሬተር» ይላል፤ ከፊቱ ባለው ሹካ ጭነት አንሥቶ የሚያመላልሰውን ማሽን የሚነዳ ሰው ማለት ነው። ቁልፉን ሰጠሁትና ባዶ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት ርብራብ) አንሥቶ በሁለት የጆንያ ክምሮች መካከል እንዲያልፍ ጠየቅሁት። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሹካው በሰላም ገባ፤ የማሽኑ ኋላ ግን ወደ ግራ ተወርውሮ ክምሩን መታው። የታችኛው ጆንያ ተተረተረና ቡናው ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ምንም ሳይናገር ተንበርክኮ ፍሬውን በእጁ ይሰበስብ ጀመር።

«ስንት ሰዓት ነድተሃል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሠላሳ ነበርን፣ ማሽኑ አንድ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።»

ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማዎቹ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ኋላው ወደ ግራ ይወጣል፤ መኪና የለመደ ሰው ደግሞ ዓይኑን የሚጥለው ፊት ለፊት ላይ ነው። ነገሩን በቃል ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሰውነት የሚለምደው ግን መሪ ላይ በሚያልፍ ሰዓት ብቻ ነው። ያን ቀን ከጆንያው ጀርባ ሰው ባለመቆሙ ፈጣሪን አመሰገንሁ። የልጁ ነገር ግን አንጀቴን በላው፤ ቤተሰቡ ገንዘብ ለቃቅሞ ነው የላከው፤ የተሰጠው ወረቀት እንጂ ሙያ አልነበረም። ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እሱ ነው።

የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ከኪሱ ከፍሎ ሥራ ለማግኘት የሚማር ሰው ነው፤ ሌላው ሠራተኛውን አሠልጥኖ ማሽን ላይ የሚያስቀምጥ የመጋዘን ወይም የፋብሪካ ኃላፊ። በጅማ ሁለቱም እየበዙ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝነውን የኤክስፖርት ቡና ጆንያ በጫኝና አውራጅ ትከሻ ማመላለስ ዛሬም አልቀረም፤ ነገር ግን የቡና መጋዘኖች፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና የሲሚንቶና የብረታ ብረት መደብሮች ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ይፈልጋሉ። ሰው ሲፈለግ ደግሞ ማስታወቂያው ይበዛል፤ «በአጭር ጊዜ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ፣ ሰርተፍኬት ጭምር» የማይል የለም። ስለዚህ አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ከሁሉም የማስቀድመው የመሪ ሰዓትን ነው። ሥልጠናው ስንት ቀን ይፈጃል የሚለው ጥያቄ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጥያቄው እኔ ራሴ መሪ ይዤ ስንት ሰዓት እነዳለሁ የሚለው ነው። አንድ ሥልጠና 10 ቀን ቢሆን፣ በቀን 4 ሰዓት ልምምድ ቢኖረው፣ በአንድ ማሽን 20 ሰው ቢሠለጥን፣ 40 ሰዓት ለ20 ይካፈላል፤ ለአንድ ሰው 2 ሰዓት ይደርሳል። ያው ሥልጠና 5 ሰው ብቻ ቢቀበል ለእያንዳንዱ 8 ሰዓት ይደርሰው ነበር።

ዋጋንም በዚሁ መንገድ ማየት ይቻላል። አንዱ ተቋም 6,000 ብር ጠይቆ 2 ሰዓት ቢያስነዳ፣ አንዱ የመሪ ሰዓት 3,000 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሌላው 12,000 ጠይቆ 10 ሰዓት ቢሰጥ፣ ሰዓቱ 1,200 ብር ነው። ውድ የሚመስለው ርካሽ ሆነ። (ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ የማንም ተቋም ዋጋ አይደሉም።) ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሥሩት። በአንድ ማሽን ስንት ሠልጣኝ እንደሚቀመጥ የማይነግራችሁ ቦታ ካለ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሁለተኛው የማሽኑ ዓይነት ነው። «ፎርክሊፍት» የሚለው ስም ብዙ ማሽኖችን ያቅፋል። ግንባታ ዕቃ ግቢ ውስጥ የምናየው በናፍጣ የሚሠራና ከኋላው ከባድ የሚዛን ብረት የተሸከመ ነው። በዝግ መጋዘን ውስጥ በባትሪ የሚሠራው ይመረጣል። ከፍ ባለ መደርደሪያ መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ሪች ትራክ የሚባለው ይሠራል፤ አነዳዱም አቀማመጡም ከሌሎቹ የተለየ ነው። የአንዱ ልምድ ለሌላው ሙሉ በሙሉ አይተርፍም።

ይህ ነገር ለጅማ ሰው በተለይ አስፈላጊ ነው። ቡና ሽታ ይስባል። የናፍጣ ጭስ በታፈነ መጋዘን ውስጥ ሲውል መጀመሪያ የሚጎዳው የሠራተኛው ሳንባ ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይመርዘዋል። ቀጥሎ የሚጎዳው ቡናው ነው፤ ቀማሹ ሲኒው ላይ የናፍጣ ጠረን ካገኘ የወራት ልፋት ዋጋ አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ቡና መጋዘን ለመግባት የምትፈልጉ ከሆነ ሥልጠናው የባትሪ ማሽንን ማካተቱን ጠይቁ። ባትሪው የራሱ ትምህርት አለው፤ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ የሚሞላበት ቦታ አየር የሚገባበትና ከእሳት የራቀ መሆን አለበት፤ ሲጋራም አይጨስበትም።

ሦስተኛው የክፍል ትምህርቱ ይዘት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እኛ ጋር ባለው ማሽን ላይ፣ ከመቀመጫው አጠገብ፣ በቅባትና በአቧራ የተሸፈነች አንዲት የብረት ሰሌዳ አለች። ለአዲስ ሰው የማደርገው የመጀመሪያ ነገር ጨርቅ ሰጥቼ እንዲጠርጋት ማድረግ ነው። ስትጠረግ 2,500 ኪሎ የሚል ቁጥርና ከጎኑ 500 ሚሊ ሜትር የሚል ይወጣል። ብዙዎች የመጀመሪያውን አንብበው ያቆማሉ። ዋናው ነገር ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ማሽኑ 2,500 ኪሎ የሚያነሣው የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከሹካው ቋሚ ፊት በ50 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ጭነቱ ረዥም ከሆነ ወይም እስከ ሹካው ሥር ካልገባ ማዕከሉ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ማንሣት የሚቻለውም ክብደት ይቀንሳል። ነገሩ እንደ ሚዛን ነው፤ የፊት ጎማው መደገፊያው ነው፣ ከኋላ ያለው ብረት አንዱ ወገን፣ ጭነቱ ሌላው ወገን።

30 ጆንያ በ60 ኪሎ 1,800 ኪሎ ነው። በወረቀት ሲታይ ለ2,500 ማሽን ቀላል ይመስላል። ፓሌቱ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት በርዝመቱ ከተያዘ ግን ማዕከሉ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ጆንያው ወደ ፊት ከተንሸራተተ ከዚያም ያልፋል። ሹካው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር፣ ወይም ሹካው የሚወጣና የሚወርድበት ምሰሶ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ደግሞ የቀረው አቅም ይበልጥ ይሳሳል። ይህን የማያስተምር ሥልጠና ማሽን ማንቀሳቀስ አስተማረ እንጂ ኦፕሬተር አላፈራም።

ከዚሁ ጋር የመረጋጋት ሦስት ማዕዘን የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ማሽኑ አራት ጎማ ቢኖረውም ሚዛኑ የቆመው በሦስት ነጥብ ላይ ነው፦ ሁለቱ የፊት ጎማዎችና የኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) መሐል ያለው መጋጠሚያ። ጭነት ከፍ አድርጎ የሚታጠፍ ሰው የክብደቱን ማዕከል ከዚህ ሦስት ማዕዘን ያስወጣዋል፤ ማሽኑም በጎኑ ይወድቃል። በአሜሪካ በፎርክሊፍት ሞት ላይ የተሰበሰበው መረጃ መገልበጥን ከምክንያቶቹ ሁሉ ቀዳሚ አድርጎ አስቀምጦታል። በዚያች ቅጽበት ዘሎ ለመውረድ የሞከረ ሰው ጣሪያው ሥር ይጨፈለቃል። ትክክለኛው ነገር ቀበቶ አስሮ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ እግርን ተክሎ፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ማዘንበል ነው። ሥልጠና የሚሸጥላችሁን ሰው «ማሽኑ ቢገለበጥ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ዝለል» ካላችሁ አትመዝገቡ።

የቀሩትን ሦስት መመዘኛዎች በአጭሩ ላንሣ። ማን ይፈትናል? ያሠለጠነው ሰው ራሱ ፈትኖ ራሱ ቢያሳልፍ የፈተናው ዋጋ ትንሽ ነው። ወረቀቱን ማን ይቀበለዋል? ይህን የሚመልሰው ማሠልጠኛው ሳይሆን ሥራ የምትጠይቁት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ እዚያ ሂዱ። ጠቅላላ ወጪውስ? ከክፍያው ላይ መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የምዘና ክፍያና በሥልጠናው ጊዜ የሚቀርባችሁ ገቢ ይደመራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ መንጃ ፈቃድና የፎርክሊፍት ሰርተፍኬት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ፎርክሊፍት ይችላል ማለት አይደለም፤ የፎርክሊፍት ሰርተፍኬትም ባለቤቱ ማሽኑን ከግቢ አውጥቶ በሕዝብ መንገድ ላይ እንዲነዳ አይፈቅድለትም።

አንደኛው መንገድ፦ የመንግሥት ኮሌጅ አጭር ሥልጠናና የሙያ ብቃት ምዘና

በጅማ ያለ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅን ነው። ትልቁ ጥቅሙ ከሥልጠናው በኋላ ያለው የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችን ሲኦሲ የምንለው ነው። ምዘናው የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍል አለው፤ መዛኙም ያሠለጠናችሁ መምህር አይደለም። ከላይ ያነሣሁትን የፈታኝ ጥያቄ በተገቢው መንገድ የሚመልሰው ይህ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ትልቅ ድርጅት ሲቀጥር ደግሞ «ሲኦሲ አለህ ወይ?» ማለቱ የተለመደ ነው።

ደካማ ጎኑ ማሽኑ ላይ ነው። ኮሌጅ ሄዳችሁ ጽሕፈት ቤት ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ ወርክሾፑ ድረስ ግቡ። ፎርክሊፍቱ አለ ወይ? ይነሣል ወይ? ነዳጅ ወይም የተሞላ ባትሪ አለው ወይ? ጎማው ሥር ሣር የበቀለበት ማሽን ከቆመ ሰነባብቷል ማለት ነው። ሌላው ጊዜ ነው፤ ሠልጣኝ ቁጥሩ እስኪሞላ መጠበቅና የምዘና ቀን እስኪወጣ መቆየት ሊኖር ይችላል። ችኩል ላልሆነና ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ግን ከቤቱ እየተመላለሰ መማሩ ራሱ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ምዘና ላይ ለመቀመጥ የግድ በኮሌጁ መሠልጠን ላያስፈልግ እንደሚችልም አስታውሱ። በሥራ ላይ ሙያውን የተማረ ሰው ልምዱን በማስረጃ አቅርቦ እንዲመዘን የሚያስችለውን አሠራር የምዘና ማዕከሉን ጠይቁ። ለዓመታት ማሽን ነድተው ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ በረዳትነት ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ለእነሱ እንደገና ተማሪ መሆን ጊዜ ማባከን ነው፣ የሚያስፈልጋቸው መመዘን ነው።

ሁለተኛው፦ የግል የማሽነሪ ማሠልጠኛ

እነዚህ በብዛት ያሉት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጊቤን ተሻግሮ በወልቂጤና በወሊሶ በኩል የሚሄደው መንገድ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የምታወዳድሩት የመመዝገቢያ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሳምንታት ማደሪያና ምግብ ጭምር ነው። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው።

የእነዚህ ተቋማት መልካም ጎን ፍጥነትና የማሽን ብዛት ነው። ብዙዎቹ ኤክስካቫተር፣ ሎደር፣ ዶዘርና ግሬደር ስለሚያሠለጥኑ ፎርክሊፍት ከሌላ ማሽን ጋር በጥቅል ይሰጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። «አምስት ማሽን በአንድ ክፍያ» የሚለው ነገር ጆሮ ይስባል፤ የመሪ ሰዓቱ ግን ለአምስት ተከፍሎ ለአንዱም አይበቃም። ሎደር ማወቅ ለመንገድ ሥራ ጥሩ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ግን ማንም ሎደር አይጠይቃችሁም። ዓላማችሁ መጋዘን ከሆነ ፎርክሊፍቱን ብቻ ረዘም ላለ ሰዓት የሚሰጣችሁን ምረጡ።

መግቢያዬ ላይ ያነሣሁት ልጅ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሁሉም እንዲያ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ጎበዝ አሠልጣኝ፣ ጥቂት ሠልጣኝና ደህና ማሽን ያላቸው ቦታዎች ገጥመውኛል፤ ከእነሱ የመጣን ሰው በመጀመሪያው ሰዓት እለየዋለሁ፤ ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ዙሪያውን ዞሮ ጎማውን፣ ሰንሰለቱን፣ ሹካውንና የዘይት ፍሳሹን ያያል። የግል ተቋም ስትመርጡ የሥልጠና ፈቃዱ የፎርክሊፍት ሙያን ማካተቱን፣ ተቋሙም ለሲኦሲ የሚያስመዝግብ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛው፦ በሥራ ላይ መማር

በጅማ ያሉ አብዛኞቹ የማውቃቸው ኦፕሬተሮች እንዲህ ነው የተማሩት። ጫኝና አውራጅ ሆነው ገቡ፣ ቀጥሎ ረዳት ሆኑ፣ በምሳ ሰዓት ትልቁ ኦፕሬተር «ና ልጄ፣ ቁጭ በል» አላቸው። የመሪ ሰዓቱ ከማንም ይበልጣል፤ ክፍያ የለም፤ ማሽኑ ራሱ የሚሠሩበት ማሽን ነው፤ ጭነቱም እውነተኛ ጆንያ ነው።

ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። ትልቁ ኦፕሬተር ከችሎታው ጋር ጥፋቱንም ያወርሳል። ሹካ ላይ ሰው አቁሞ ከፍ ማድረግ፣ ጭነት ከፍ አድርጎ መሄድ፣ ቀበቶ አለማሠር፤ እነዚህ ሁሉ «እኛ ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርተናል» በሚል ቃል ይተላለፋሉ። ትክክለኛው ልማድ ጭነት ሲጓዝ ሹካው ከመሬት 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲነሣ፣ ጭነቱ ፊትን ከጋረደ ወደ ኋላ እያዩ እንዲነዳ፣ ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ ላይኛው ወገን እንዲዞር ነው። ክረምት ረዥም በሆነበት በእኛ ከተማ ደግሞ እርጥብ የመጫኛ ሲሚንቶ ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ መማር ግድ ነው።

አሠሪዎች ሆይ፣ ይህ መንገድ ነጻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅና ስለ ሥራው አደጋ የማስገንዘብ ግዴታ የጣለው በእናንተ ላይ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣት ደግሞ አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም። «ልጁ ራሱ ነው የተቀመጠበት» የሚል መልስ አደጋ በደረሰ ማግሥት አያድንም። በሥራ ላይ ካሠለጠናችሁ አሠልጣኙን ሰይሙ፣ ለልምምድ ሰው የማይገባበትን ቦታ ለዩ፣ የተሰጠውን ሰዓትና ርዕስ በመዝገብ ጻፉ፣ በመጨረሻም አሠልጣኙ ያልሆነ ሰው ይፈትነው።

አራተኛው፦ ማሽን ሻጩ የሚሰጠው ሥልጠና

ይህ ለአሠሪዎች ብቻ ነው፤ አዲስ ማሽን ሲገዛ ሻጩ ባለሙያ ልኮ ያስተዋውቃል። ስለ ማሽኑ ማንሻዎች፣ ስለ ዕለታዊ ፍተሻና ስለ ባትሪ አሞላል ከሻጩ ባለሙያ የተሻለ የሚያውቅ አይገኝም። ነገር ግን ትውውቅ እንጂ መሠረታዊ ሥልጠና አይደለም፤ አስቀድሞ መንዳት ለማያውቅ ሰው አይበቃም። የግዢ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሥልጠናውን ቀንና የሰው ብዛት ውሉ ውስጥ አስገቡ፤ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ባለሙያን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ቀላል አይሆንም።

አምስተኛው፦ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰርተፍኬት

በአንድ ቀን ጥያቄ መልሳችሁ የምታትሙት ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ «በኦሻ የጸደቀ» ይላል። ኦሻ የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር ነው፤ የግል ተቋማትን የፎርክሊፍት ሥልጠና አያጸድቅም። የራሱ ደንብ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የክፍል ትምህርት፣ የተግባር ልምምድና በሥራ ቦታ የሚደረግ ግምገማ። ብቃቱን የሚያረጋግጠው አሠሪው ሲሆን ግምገማው ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይደገማል። ስለዚህ በአሜሪካም ቢሆን የኢንተርኔቱ ወረቀት ብቻውን ማንንም ማሽን ላይ አያስቀምጥም። ለንድፈ ሐሳብ መለማመጃ ከሆነ መልካም ነው፤ በነጻ የሚገኙ ቪዲዮዎችም ያንኑ ያስተምራሉ።

በአንድ ሰሌዳ ሲታይ

| መንገድ | የመሪ ሰዓት | የማሽን ዓይነት | ፈታኙ | ተቀባይነት | ወጪ ለጅማ ነዋሪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኮሌጅና ሲኦሲ | በማሽኑ ጤንነትና በሠልጣኝ ብዛት ይወሰናል | ኮሌጁ ባለው | ገለልተኛ መዛኝ | በአገር ውስጥ ጠንካራ | ዝቅተኛ |
| የግል ማሠልጠኛ | ከተቋም ተቋም በጣም ይለያያል | ብዙ ጊዜ ናፍጣ | ራሱ፣ ሲኦሲ ከተጨመረ ገለልተኛ | ሲኦሲ ካለው ጥሩ | ከፍተኛ፣ ማደሪያ ይጨመራል |
| በሥራ ላይ | ከፍተኛ | ሥራው ላይ ያለው ራሱ | ብዙ ጊዜ የለም | ከዚያ ድርጅት ውጭ ደካማ | ለሠራተኛው የለም |
| የማሽን ሻጭ | አነስተኛ | የተገዛው ማሽን | የለም | ለድርጅቱ ብቻ | በግዢው ውስጥ |
| ኢንተርኔት | የለም | የለም | ኮምፒውተር | የለም ማለት ይቻላል | ትንሽ፣ ግን ብክነት |

ለማን የትኛው?

ብሪታንያውያን የፎርክሊፍት ሥልጠናን በሦስት ይከፍሉታል፦ መሠረታዊ ሥልጠና፣ ለተወሰነው ሥራ የሚሰጥ ሥልጠናና ከሥራ ቦታው ጋር መተዋወቅ። ይህን ክፍፍል እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ከላይ ካየናቸው መንገዶች አንዱም ብቻውን ሦስቱን እንደማያሟላ ያሳያል። ኮሌጁና የግል ተቋሙ የመጀመሪያውን ይሰጣሉ፤ የቀሩትን ሁለቱን የሚሰጠው የሥራ ቦታ ነው። ስለዚህ ምክሬ ሁልጊዜ ሁለት መንገድ ማጣመር ነው።

ሥራ የሌለው፣ ገንዘቡም ትንሽ የሆነ ወጣት ከሆናችሁ ኮሌጁን ጠብቁ፤ እስከዚያው መጋዘን ውስጥ በማንኛውም ሥራ ግቡ። ጆንያ እንዴት እንደሚደረደር፣ ፓሌት የትኛው ስብርባሪ እንደሆነ፣ መኪና እንዴት እንደሚጫን ያወቀ ሰው መሪ ሲይዝ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ብድር ገብታችሁ አዲስ አበባ አትሂዱ።

የተወሰነ ገንዘብ ያላችሁና ቶሎ መቀጠር የምትፈልጉ ከሆነ የግል ተቋሙ ይሆናችኋል፤ ግን ፎርክሊፍት ብቻ፣ በአንድ ማሽን ከስድስት ሰው የማይበልጥበት፣ ሲኦሲ የሚያስመዘግብ ይሁን። ከስድስት በላይ ከሆነ ዋጋው እንዲቀንስ ሳይሆን ሰዓቱ እንዲጨመር ተደራደሩ።

ለዓመታት የነዳችሁና ወረቀት የሌላችሁ ደግሞ ለሥልጠና አትክፈሉ፤ ለምዘና ተዘጋጁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትወድቁት በተግባር ሳይሆን በንድፈ ሐሳቡ ነው፤ የአቅም ሰሌዳውን፣ የሚዛኑን ነገር፣ የዕለቱን ፍተሻ ቅደም ተከተል አጥኑ።

ሁለት ወይም ሦስት ኦፕሬተር የሚያስፈልገው መጋዘን ኃላፊ ከሆናችሁ ሰዎቹን ወደ ሩቅ ከመላክ አንድ ጥሩ አሠልጣኝ ወደ ጅማ ማምጣት ይሻላል። ለአንድ ሰው የሚወጣው ማደሪያና አበል ሲደመር የአሠልጣኙን ወጪ ይጠጋል፤ ሰዎቻችሁም የሚማሩት በራሳችሁ ማሽን፣ በራሳችሁ መተላለፊያ ነው። አጎራባች መጋዘኖች ተባብረው ወጪውን ቢከፋፈሉት ደግሞ የበለጠ ያዋጣል።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ የምታስቡ አላችሁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ብዙ ጊዜ በሦስተኛ ወገን መርማሪ ድርጅት የተሰጠ የኦፕሬተር ካርድ ይጠይቃሉ፤ ሰውየውንም እንደገና ይፈትኑታል። እዚህ «ዓለም አቀፍ» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ወረቀት ከዚያ ፈተና አያድንም። የሚያድናችሁ የመሪ ሰዓት ነው፤ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ከመክፈላችሁ በፊት

ማሠልጠኛውን ልምምድ ባለበት ሰዓት ጎብኙ፣ ማለዳ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፤ ማሽንና አሠልጣኝ ሲደክሙ ነው እውነቱ የሚታየው። ግማሽ ሰዓት ጥግ ይዛችሁ ቁሙና አንድ ሠልጣኝ ስንት ደቂቃ እንደነዳ በሰዓታችሁ ቁጠሩ። አሠልጣኙ ቀበቶ እንደሚያሳስር ተመልከቱ። ልምምዱ በባዶ ሹካ ብቻ ከሆነ ጥሩ አይደለም፤ ጭነት ሲኖር ማሽኑ ሌላ ነው። ከሚጨርሱት ሠልጣኞች አንዱን ለብቻ አግኝታችሁ «ስንት ሰዓት ነዳህ?» በሉት፤ እንደዚያ ልጅ እውነቱን ይነግራችኋል።

ሰርተፍኬቱ ላይ የማሽኑ ዓይነትና የማንሣት አቅም፣ የልምምዱ ሰዓትና የፈታኙ ፊርማ እንዲጻፍ ጠይቁ። ይህን የጻፈ ሰርተፍኬት ለእኔ ከማንኛውም ማኅተም በላይ ይመዝናል። ከዚያም አንድ ተራ ደብተር ግዙና ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምራችሁ ቀኑን፣ ማሽኑን፣ ሰዓቱንና የሠራችሁትን ጻፉ፤ ያሠለጠናችሁን ሰው አስፈርሙበት።

ቡናውን ያፈሰሰው ልጅ ይህን ደብተር ከእኛ ጋር ጀመረ። ለሦስት ሳምንት፣ መጋዘኑ ከተዘጋ በኋላ፣ በባዶ ፓሌትና በተሰለፉ አሮጌ ጎማዎች መካከል ከትልቁ ኦፕሬተራችን ጋር ሲዞር ከረመ። የመጨረሻው ገጽ ላይ 41 ሰዓት ይላል። ለምዘና ተመዝግቧል፤ ደብተሩንም ይዞ ይሄዳል።